ስለ ፓምፑ ቁልፍ የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 4፡10
ቦታ፦ የወጣት ሴቶች ችግኝ አምራች ማኅበር የዕቃ ክፍል (ለኮሚቴው ጠረጴዛ ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል አካፋዎች፣ የውሃ ማጠጫዎችና ሁለት ጆንያ ፍግ ወደ ውጭ ተዛውረዋል)

የተገኙ የደጋፊ ኮሚቴ አባላት፦
1. ሰብሳቢ፦ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው
2. ምክትል ሰብሳቢ፦ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት። የጸሐፊዋ አባት ናቸው፤ ይሁንና ስብሰባ በተቀመጡ ቁጥር አባትነታቸው ለጊዜው እንዲቋረጥ ባለፈው ጊዜ ተወስኗል።
3. አባል፦ ግንበኛው
4. ጸሐፊ፦ ከማኅበሩ ዘጠኝ ሴቶች አንዷ። የተመረጠችው የእጅ ጽሑፏ ስለሚነበብ ነው። ድምፅ የላትም።

ያልተገኙ፦ አንድ አባል የስብሰባ አመራር ሥልጠና ላይ ናቸው። ሌላው አባል አምና አርፈዋል፤ መልቀቂያ ስላላስገቡ ግን ከአባልነት አልተሰረዙም።

ከአምስት ሦስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። የማኅበሩ ስምንት ሴቶችም በር ላይ ቆመው ነበር፤ ባለጉዳይ እንጂ ተሰብሳቢ ስላልሆኑ አልተቆጠሩም።

አጀንዳ 1፦ አጀንዳ ማጽደቅ

ጸሐፊዋ ጉዳዩን እንድታስረዳ ተፈቅዶላት የሚከተለውን ተናግራለች። እሑድ ዕለት ኮሚቴው «ፓምፑ ውድ ንብረት ስለሆነ» ቁልፉ በሰብሳቢው እጅ እንዲሆን ወስኗል። ሰብሳቢውም ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ዘመድ ጥየቃ ሄደው ትናንት ማታ ተመልሰዋል። አራት ሺህ የቲማቲምና የጎመን ችግኝ ሁለት ቀን ሙሉ ከወንዝ በጀሪካን በተቀዳ ውሃ ብቻ ቆይቷል። የአትክልት ነጋዴው መኪና ነገ ጠዋት ይመጣል። ይህ የማኅበሩ የመጀመሪያ ትልቅ ትእዛዝ ነው።

ሰብሳቢው ማብራሪያው ጥሩ እንደሆነ፣ ሆኖም ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን ገልጸዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ የማኅበሩ ታፔላ 2ኛ፣ «ቁልፍና ልዩ ልዩ» 3ኛ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ታፔላ

ግንበኛው ታፔላው በኮንክሪት እንዲሠራና ሥራው ለእርሳቸው እንዲሰጥ አሳስበዋል። ምክትል ሰብሳቢው ሐሳቡን ቢደግፉም «ወጣት» የሚለው ቃል እንዳሳሰባቸው ተናግረዋል። ኮንክሪት አርባ ዓመት ይቆያል፣ ሴቶቹ ግን እስከዚያ በወጣትነት ለመቆየታቸው ማረጋገጫ የለም ብለዋል። ሰብሳቢው ጥያቄው መሠረታዊ መሆኑን አምነዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ «ወጣት» የሚለው ብቻ በቆርቆሮ ተጽፎ ጊዜው ሲደርስ እንዲነቀል ተወስኗል።

የሚተከልበትን ቦታ በተመለከተ፣ ከመንገድ በደንብ የሚታየው ሦስተኛው የችግኝ መደብ መሆኑ ታውቋል። ጸሐፊዋ መደቡ ላይ አንድ ሺህ የቲማቲም ችግኝ እንዳለ አስታውሳለች። ድምፅ እንደሌላት ተነግሯታል።

እዚህ ላይ ከማኅበሩ አባላት በቁመቷ «ቀጭኔ» የምትባለው በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ ኧረ በእናትዎ ቁልፉን! ችግኙ አንገቱን እየደፋ ነው!» ብላለች። ሰብሳቢው በስም ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው መናገር እንደማይችል፣ በጽሑፍ ግን ማቅረብ መብቷ መሆኑን አስረድተዋል። ቀጭኔም የዘር ማሸጊያ ወረቀት ጀርባ ላይ «ቁልፍ» ብላ ጽፋ በመስኮት አቀብላለች። ደብዳቤው ቀንና ቁጥር ስለሌለው ተመልሶላታል።

ምክትል ሰብሳቢው በዚህ አጋጣሚ ምንጊዜም የሚሰማቸውን እንዲናገሩ እንዲፈቀድላቸው ጠይቀው፣ «ሴት ልጅና ችግኝ የሚያፈሩት ሌላ ቤት ነው፤ እኛ ምን አስጨነቀን?» ብለዋል። ግንበኛው ስቀዋል። ጸሐፊዋ አባባሉ ቃል በቃል እንዲያዝ ስለፈለገች ምክትል ሰብሳቢው እንዲደግሙት ጠይቃለች። ሲደግሙት ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

አጀንዳ 3፦ ቁልፍና ልዩ ልዩ

ሰዓቱ 6 ሆኗል። ችግኞቹ በእርግጥ መጠውለጋቸውን የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሞ ግንበኛው ተመርጠዋል። ወጥተው ተመልክተው ሲመለሱ «ተኝተዋል» የሚል ሪፖርት አቅርበዋል። ምክትል ሰብሳቢው በቀን መተኛት የችግኝ ጠባይ ይሁን አይሁን ጠይቀዋል። ንዑስ ኮሚቴው ይህ በተሰጠው ኃላፊነት ውስጥ እንዳልተካተተ መልሷል።

በዚሁ ጊዜ ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ወደ ወንዝ መመላለስ ጀምረው ነበር። ሰብሳቢው በበሩ ፊት የሚደረገው ምልልስ የጉባኤውን ሐሳብ እየበተነ ስለሆነ ስብሰባው እስኪያልቅ ውሃ ማመላለስ እንዲቆም ሐሳብ አቅርበዋል። በሁለት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት ምክትል ሰብሳቢው ናቸው።

ከዚህ በኋላ ለአርባ ደቂቃ የተባለ ነገር ካለ አልተመዘገበም። ጸሐፊዋ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ጀሪካን አንስታ ወጥታ ነበር።

ስትመለስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ ነበር። አባላቱ ዝም ብለው ተቀምጠው አግኝታቸዋለች፤ ያልተመዘገበ ንግግር ባክኖ ይቀራል ብለው ነው። ሰብሳቢው፣ «እመቤት፣ እንግዲህ እንቀጥል?» ብለዋል። ጸሐፊዋም፣ «መጀመሪያ የተጻፈውን ላንብብላችሁ። ነገ ከነጋዴው ጋር ስንነጋገር ችግኙ የጠወለገበትን ምክንያት ብንጠየቅ የምናሳየው ይህንኑ ነው» ብላለች።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበች። ስለ ቆርቆሮው ስትደርስ ግንበኛው ጉሮሯቸውን ጠርገዋል። ስለ እንቅልፉ ስትደርስ የእርሳቸው ንግግር እንዲሰረዝ ጠይቀዋል። የውሃው እገዳ ሲነበብ ደግሞ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንዲህ ማለታቸውን እንደማያስታውሱ፣ ብለው ከሆነም የእርሳቸውም እንዲሰረዝ ጠይቀዋል። ምክትል ሰብሳቢው ግን ምንም እንዲሰረዝ አልጠየቁም። ሴት ልጅና ችግኝ የሚለው ሲነበብ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ንባቡ ሲያልቅ ተነስተው ቆሙ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡ» አሉ።

ሰብሳቢው ይህን የሚሉት በምክትል ሰብሳቢነት ከሆነ ሥነ ሥርዓት መከተል እንዳለባቸው አሳስበዋል።

«በአባትነት ነው። ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ስትሸከም ሰንብታለች፤ እኔ ደግሞ እዚህ ተጎልቼ ስለ ታፔላ አወራለሁ። ይስጡ፣ አለዚያ የፓምፑን ቤት በር በመጥረቢያ እከፍተዋለሁ።»

ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ኪስ፣ ሁለተኛውን ኪስ፣ በመጨረሻም የኮታቸውን ውስጠኛ ኪስ ፈትሸው ቁልፉን አውጥተዋል። ቁልፉ በመስኮት በኩል ለቀጭኔ ተላልፏል። 7፡05 ላይ የፓምፑ ድምፅ ተሰምቷል። ምክትል ሰብሳቢው የውሃውን ጎማ ለመጎተት ወጥተው አልተመለሱም። በዚህም ምክንያት ምልዓተ ጉባኤው ጎድሎ ነበር፤ ሰብሳቢው ግን ያረፉት አባል መንፈሳቸው ከጉባኤው ጋር መሆኑን በመግለጽ አሟልተውታል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ቀሪዎቹ አባላት የተናገሩት እንዲሰረዝ በድጋሚ ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ ባዶ ቃለ ጉባኤ መዝገብ ቤት እንደማይቀበል ገልጻለች። ስለሆነም ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የኮሚቴው ክብር እንዲጠበቅ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲመዘገብና ወዲያው እንዲሻር በአንድ ድምፅ ተወስኗል። የአጀንዳው ቅደም ተከተል ተሽሯል። ኮንክሪቱም፣ ቆርቆሮውም፣ ንዑስ ኮሚቴውም ተሽረዋል፤ ውሃ እንዳይመላለስ የተላለፈው እገዳም እንዲሁ። ግንበኛው ቁልፉን መስጠትም ዛሬ የተደረገ ነገር መሆኑን በማስታወሳቸው፣ እርሱም አብሮ ተሽሯል።

ውሳኔው ለማኅበሩ አባላት ባስቸኳይ እንዲነገር ጸሐፊዋ ታዝዛ ስብሰባው 7፡25 ላይ ተዘግቷል።

ማስታወሻ፦ ጸሐፊዋ ለመናገር ወጥታ ነበር፤ ሦስተኛው መደብ ገና ስላልጠጣ ጎማውን ያዘች። ረቡዕ ጠዋት ሁሉም መኪና ሲጭኑ ነበር። ሦስት ሺህ አራት መቶ ችግኝ ቀና ብሎ ሄዷል። ይህ ቃለ ጉባኤ እስከተገለበጠበት እስከ ሐሙስ ድረስ፣ ሁሉም ሥራ ላይ ስለሆኑ፣ ውሳኔው አልተነገራቸውም።