የቤታችን ባለቤት እንቁላል ልትጥል ነው

ቤት የሠራ ሰው «ቤቴ» ሲል ደስ ይለዋል። ይበል፤ ማን ከለከለው? እኔም እንደናንተው ስል ኖሬአለሁ። ድንጋዩን ከወንዝ አግዤ፣ ምሰሶውን አቁሜ፣ ጣሪያውን የጓሳ ሣር አልብሼ፣ ከአባቴ በወረስኩት ርስት ላይ የቀለስኩት ጎጆ የኔ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? እንዲህ እያልኩ የምጠይቅ የዋህ ነበርኩ። መልሱን ያገኘሁት አማቴ መጥተው ቤቴ የተቀመጡ ጊዜ ነው።

አማቴ እማማ ድንቄ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፤ ከሞቃቱ ከቆላው በኩል። እዚያ ያደገ ሰው ከእባብ ጋር እንደ ጎረቤት ተላምዶ ነው የሚኖረው። እኛ መንዞች ብርዱ ይባረክና እባብ የምናየው ከስንት አንዴ ነው። ሚስቴ ሸዋዬ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ ሲገፋ፣ እናቷ ሊያርሷት መጡ። በመጡ በሦስተኛው ቀን፣ ከምድጃው በላይ ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት ጥግ፣ ሙቀት ፈልጋ የተጠቀለለች አንዲት ዥጉርጉር እባብ አዩ። እኔ ዱላ አነሳሁ። እሳቸው ነጠላቸውን አደግድገው እጅ ነሱ።

«ዱላህን አስቀምጥ ልጄ» አሉኝ። «የቤቱ ባለቤት ናት።»

እኔስ ታዲያ ምንድን ነኝ? ባለርስቱ ሰውዬ በገዛ ቤቴ ጭሰኛ ሆኜ አረፍኩት!

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ጣጣው ጣሪያችን አርጅቶ ማፍሰሱ ነው። ጓሳን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ሣሩ የሁላችንም ነው፣ ግን እንዳሻን አናጭደውም። ዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሽማግሌዎቹ ሲፈቅዱ ለጥቂት ቀን ይከፈታል። ያለ ቀኑ ማጭድ ይዞ የተገኘ ሰው ጉዱ ይፈላል። ያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ ተከፈተና እኔም ብርዱ አጥንቴን እየቆረጠመው አጨድኩ፣ በፈረስ አመላልሼ ግቢዬ ውስጥ ከመርኩ። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውን ከድኜ ልጄ በደረቅ ቤት እንዲወለድ። ጎረቤቶቼም ለደቦ ቀን ቆረጡልኝ።

በደቦው ዋዜማ እማማ ድንቄ ጠሩኝና ወደ ጥጉ አመለከቱኝ። የእባቧ ሆድ አብጧል። እንቁላል ልትጥል ነውና ጣሪያው አይነካም አሉ። ልከራከር አፌን ስከፍት፣ የቤት እባብ በሰላም ካልጣለች የቤቱ ሴት በሰላም አትገላገልም ብለው ዘጉት። ሸዋዬ አንገቷን ደፍታ ሆዷን ዳበሰች። እንዲህ ከተባለ በኋላ ጣሪያዬን ላፍርስ የሚል ባል ካለ ይምጣና ፊቱን ልየው። በማግስቱ ደቦው መጣ፤ ጠላዬን ጠጣ፣ እንጀራዬን በላ፣ ለእባቧም መልካም ምጥ ተመኝቶ ወደየቤቱ ተበተነ።

ከዚያ ወዲያ ዝግጅቱ ተጀመረ። አንገቱ የተሰበረ ጋን በጎቹ ከሚያድሩበት በኩል፣ በበሩ ጥግ ተጋደመ፤ የበጎቹ ትንፋሽ እንዲያሞቃት ነው አሉ። ገለባ ተነሰነሰ፣ በላዩ የበግ ጠጉር ተነጠፈ። ጠዋትና ማታ የሞቀ ድንጋይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይገባል፤ አስገቢው እኔ ነኝ። ወተት በጣባ ይቀርባል፤ አቅራቢው እኔ ነኝ። ወሯ የገባው ሸዋዬ ከምንጭ ውኃ ተሸክማ ትመጣለች፣ እባቧ ግን እንዳትደነግጥ ተብሎ ሙቀጫው ሳይቀር ከቤት ወጣ። እኔም ማሳል ሲያምረኝ ደጅ እወጣ ጀመር። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ «ለመሆኑ ነፍሰ ጡሯ ልጅዎ ናት ወይስ እባቧ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሁለቱም» አሉኝ፤ አለቀ።

በዚህ መሐል የቤታችን እንቁላል እየጠፋ መሆኑን ነቃን። ሸዋዬ ለአራስነቷ ብላ በቅርጫት ገብስ ውስጥ ቀብራ ያጠራቀመችው ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የኛው በእርግጥም ሄደ። እማማ ድንቄ ሸለምጥማጥ ነው አሉ። ሁለተኛው ሲጠፋም ሸለምጥማጥ ነው አሉ። ሦስተኛው ሲጠፋ ግን እኔን ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ጀመር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የረሳሁትን ጠፍር ልወስድ ከእርሻ ተመልሼ ገባሁ። የቤቱ ባለቤት እባቧ ከገብሱ ቅርጫት ላይ ተንጠልጥላለች። ከራሷ የሚበልጥ እንቁላል አፏ ውስጥ ገብቶ፣ ቀስ እያለ ወደ ሆዷ ሲወርድ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ከዚያ ወደ ጋኗ ገባችና ጥቂት ቆይታ የተጨማደደ ቅርፊት ተፋች። ለካስ ያ ሁሉ እርግዝና የኛ ዶሮ እንቁላል ነው! እየጮኽኩ አማቴን ጠራሁ። ሌባዋ ተገኘች፣ ይኸው ቅርፊቱ፣ ይኸው ማስረጃው እያልኩ ገለባውን ገለጥኩላቸው። እማማ ድንቄ ቅርፊቱን በመዳፋቸው ይዘው አገላበጡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ፈለፈለች!» አሉና እልልታውን አቀለጡት።

የእባቧ ጫጩቶች ወደ ጣሪያው ወጥተዋልና ጠና እስኪሉ ሣሩ አይነካም ተባለ። በዓይኔ አይቻለሁ ብል ማን ይስማኝ? በአማት ፊት የአማች ዓይን ምስክር አይሆንም። ዝናቡ ገባ፣ ጎረቤቶቼ ወደ ገብስ ዘራቸው ሮጡ፣ የከመርኩት ሣር ከሥሩ ሻገተ፣ ጓሳም ከተዘጋ ቆይቷል። የበሰበሰ ዝናብ አይፈራም ይላሉ፤ እንዲህ የሚሉት ደረቅ ቤት ያላቸው ናቸው።

ሸዋዬን ምጥ የያዛት በጠዋት ነው። እንደ ወጉ ውጭ ሆኜ፣ ዝናቡ እየወረደብኝ፣ ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ እሰማለሁ። ረፋድ ሆነ። ቀትር አለፈ። የሸዋዬ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ጩኸት ነበር፤ በኋላ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና ጭራሽ አልሰማ አለኝ። ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። እግሬ የት እንደሚሄድ ሳላውቅ ዶሮዋ ከምትጥልበት ደረስኩ። አንድ እንቁላል አገኘሁ፤ ገና ትኩስ ነው። በበጎቹ በኩል ሾልኬ ገባሁና ተንበርክኬ እጋኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለማንኛውም ብዬ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ቀና ስል እማማ ድንቄ ሙቅ ውኃ ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። እንቁላሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ጎንበስ ብለው በአንድ እጃቸው ገለባ ዘገኑና እንቁላሉን ሸፈኑልኝ።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እልልታ ሰማሁ፤ ሦስት ጊዜ። ሴት ልጅ ናት። ሸዋዬም ደኅና ናት። ልጄን ሲያሳዩኝ ከጣሪያው አንዲት ጠብታ ወርዳ ግንባሯ ላይ አረፈች፤ እኔ ጠረግኩላት።

ሸዋዬ ከአልጋዋ ስትነሳ ቅርጫቱን ከፍታ ገብሱን በእጇ ፈለገችና ባዶ ሆነባት። ይህን ሁሉ እንቁላል ማን ጨረሰው ብላ ወደ እኔ ዞረች። እማማ ድንቄም ሕፃኗን እንዳቀፉ ወደ እኔ ዞሩ። ዝናቡ በየማዕዘኑ በተደቀነው ጣባ ላይ ይንጠባጠባል።

«ሸለምጥማጥ ነው» አልኩ።