በገዛ ደጄ ያስለጠፍኩት መጥሪያ

ያኔ ፌስቡክ አለመኖሩ በጀኝ! ጎረቤቶቼ ይህን ጉድ ፎቶ አንስተው ሼር ቢያደርጉት ኖሮ እስከ ዛሬ አንገቴን ቀና አላደርግም ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው። ከሐረር ተመድቤ አምቦ አስተምራለሁ። እናቴ ታማብኛለች፤ ሄጄ ላያት ያጠራቀምኳትን ብር ግን ባልደረባዬ ግርማ ተበደረኝ። ሞስኮ ስኮላርሺፕ አግኝቶ፣ ካፖርት ሊገዛበት። እንደደረስኩ እልክልሻለሁ ብሎ ማለልኝ።

ሄደ። ጠፋ!

ጸለይኩ፣ ንስሐ አባቴን አማከርኩ፣ ከሰስኩት። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የተከሳሹ የመጨረሻ መኖሪያ የት ነበር አለኝ። እንደምታውቁኝ ጥንቁቅ ነኝ፤ የቤት ቁጥሩን ሳይቀር አስመዘገብኩ። መጥሪያው በፖስታ ሞስኮ የሚሄድ መስሎኝ!

ለካስ የሚለጠፈው እዚያው ቤት በር ላይ ነው።

በዚያ ቤት የሚኖረው ማን ይመስላችኋል? ግርማ ሲሄድ ቀበሌው ለእኔ ነው የሰጠው!

የዐቢይ ጾም ነበር፤ ከቅዳሴ ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ ደጄ ላይ ቆሟል። ያኔ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በር ላይ ከተለጠፈ ማን ደፍሮ ተጠግቶ ያነባል? ከዳር ሆነው ስሜንና የብሩን ልክ ብቻ አይተው፣ ለዕዳ ልታሰር ነው ብለው አዝነዋል።

ባለሱቁ ሐጂ ከድር ከየቤቱ አሰባስበው፣ ብሩን በመሀረብ ቋጥረው ቆመዋል። "እህቴ ፀሐይ፣ እኛ እያለን ለብር አትታሰሪም" አሉኝ።

መሬት መሬት እያየሁ፣ ከሳሿ እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

ሁሉም ዞረው ወረቀቱን አዩት።

የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ቶሎሳ በምርኩዛቸው ወረቀቱን ነካ አደረጉት። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከሳሽም አንቺ፣ መጥሪያ ተቀባይም አንቺ። ዳኝነቱንስ ለሰው ትተሽለታል?"

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። መሀረቡን ልመልስ ብል ሐጂ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

"ሰደቃ ወደ ኪስ አይመለስም። ሂጂና እናትሽን እዪ።"

ሄድኩ። በሕይወት ደረስኩባት፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በቀጠሮው ቀን እኔ ሐረር፣ ግርማ ሞስኮ። ከሳሽም ተከሳሽም ስላልቀረቡ መዝገቡ ተዘጋ።

እሱ በእኔ ብር ካፖርት ለበሰ፤ እኔ በጎረቤቶቼ ብር እናቴን አየሁ። ዛሬ ደግሞ እኔም ውጭ አገር ነኝ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ከሁለታችን ባለዕዳው ማን ነው? ያ ሰፈር ልክሰስሽ ቢለኝስ፣ መጥሪያውን የማን ደጅ ላይ ይለጥፈው?