መሃል የሌለው የአልጋ ልብስ

አንዳንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ይሠራል። አንዳንዱ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይልና ስለ ሥራ ይሰበሰባል። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚገኘው፣ ቁጥሩን ለክብሩ ስንል የማንጠራው ወረዳ፣ የሁለተኛው ወገን ነበር። በዚያ ቤት መስኮት እንኳ የሚከፈተው ውይይት ከተደረገበት በኋላ ነው። ጉዳዩ ተመክሮበት እስኪጸድቅ ክረምት ይገባል፤ መስኮቱ ሳይከፈት መቆየቱም አርቆ አስተዋይነት እንደነበር ይመሰከራል።

የዚህ ቤት ምሰሶ አቶ ይገረም ነበሩ። ማዕረጋቸው «የሥራ ሂደት ባለቤት» ይባላል። ሥራው የማን እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ ባይኖርም ሂደቱ ግን ያለ ጥርጥር የእሳቸው ነበር። በዚያ ሰሞን ሹም ሽር ይመጣል ተብሎ ተወራ። አቶ ይገረም ወይ ወደ ክፍለ ከተማ ከፍ ይላሉ፣ ወይ ወደ ደረቅ ቆሻሻ ማስተባበሪያ ይወርዳሉ፤ ሦስተኛ መንገድ አልነበረም። ባለቤታቸው ደግሞ ቸኩለው «እኛ ቤት ክፍለ ከተማ ገብተናል» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል። ሰውዬው ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ይገላበጡ የነበረው ለዚህ ነው። ከዚህ ሁሉ ወሬ በኋላ ቆሻሻ ላይ ቢመደቡ፣ የሰፈሩን ሴቶች በምን ዓይናቸው ያዩዋቸዋል?

መፍትሔው እንደ መና ከላይ ወረደ። ክፍለ ከተማው ባዛር ሊያዘጋጅ ነው፤ ባዛሩን የሚከፍቱት ከበላይ አካል የሚመጡ እንግዳ ናቸው፤ እያንዳንዱ ወረዳ አንድነትን የሚገልጽ አንድ ምርት ይዞ ይቅረብ ተባለ። እንግዳው ማን እንደሆኑ የሚያውቅ አልነበረም። የሚያስፈሩ መሆናቸውን ግን ሁሉም ያውቃል። የጎረቤት ወረዳ በር የሚያህል ዳቦ ሊያስጋግር መሆኑን አቶ ይገረም ሰምተው ናቁት። የተቆረሰ አንድነት ምን አንድነት ነው?

በማግሥቱ አብነት አካባቢ ሲያልፉ ከአንድ በረንዳ ሥር ቆም አሉ። በረንዳው የራዲያ ነው፤ የራዲያ ነው ማለትም ዝናብ እስኪመጣ ድረስ። ራዲያ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ በቀለጠ ሰም ትሥላለች፤ ከዚያ ቀለም ውስጥ ትነክረዋለች። ሰሙ ያረፈበት ቦታ ቀለም አይገባውም። በመጨረሻ ወረቀት ደርባ በካውያ ሰሙን ስታስለቅቀው ሥዕሉ ብቅ ይላል። ይህ ባቲክ ይባላል። ይህን ሁሉ ደክማ ያሳመረችውን ጨርቅ ታዲያ በመቀስ ቆራርጣ መልሳ ትገጣጥመዋለች፤ ስስ ጥጥና ገበር ደርባበት የአልጋ ልብስ ታደርገዋለች።

«ይሄ ድሪቶ ነው?» አሉ አቶ ይገረም።

«ድሪቶ ያሮጌ ጨርቅ ነው ጌታዬ። ይሄ አዲስ ነው።»

«አዲስ ከሆነ ለምን ይቆርጡታል?»

«ለመስፋት።»

«የሚሰፋ ከሆነ ለምን ይቆረጣል?»

«ካልተቆረጠ ምኑ ይሰፋል?»

አቶ ይገረም ልባቸው ተነካ። መሥሪያ ቤታቸው ክፍሎችን ሲበትን፣ የበተነውን ሲያዋህድ፣ ያዋሃደውን በአዲስ መዋቅር እንደገና ሲበትን ስንት ዘመን ኖሯል። ይቺ ሴት ያንኑ በአንድ መቀስ ትሠራዋለች። እዚያው ቆመው ሐሳቡን ነገሯት። የመርካቶ ተራዎች ሁሉ የየራሳቸው ምልክት የተሣለበት እኩል እኩል ቁራጭ ይኖራቸዋል፤ ሁሉም ተሰፍቶ አንድ የአልጋ ልብስ ይሆናል።

«ሼዱስ?» አለች ራዲያ። የመሥሪያ ሼድ እንዲሰጣት ካመለከተች ቆይታለች።

«ከባዛሩ በኋላ።»

«ኢንሻላህ።»

«ኢንሻላህ አይደለም፣ በዕቅድ ተይዟል።»

ያለ ኮሚቴ መርፌ ማስገባት ወንጀል ስለሆነ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከእህል በረንዳ ጋሼ ከበደ መጡ፤ ጤፍ ሲያስጭኑ የኖሩ፣ ለጎናቸው ሰው እንኳ ሲናገሩ ከመኪና ላይ ላለ ተሸካሚ የሚጮኹ ሰው ናቸው። ከቅመም ተራ እትዬ አስያ መጡ፤ ከእሳቸው አጠገብ የተቀመጠ ሁሉ ያስነጥሰዋል። ከምናለሽ ተራ ደግሞ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ የሚሠራው ሙነወር መጣ። ከሌሎቹ ተራዎች የመጡትም ነበሩ፤ ድርሻቸው «ከእኔ በፊት የተናገሩትን እደግፋለሁ» ማለት ስለነበር በስም መጥራት አያስፈልግም። ራዲያ የእህሉን ጆንያ፣ የቅመሙን በርበሬ፣ የምናለሽን ምድጃ፣ የሌሎቹንም ምልክት በሙከራ ጨርቅ ላይ ሥላ በወረዳው አዳራሽ ወለል ላይ ዘረጋችው። ሁሉም አየና ወደደው። ወዲያው የመሃል ጉዳይ ተነሣ።

«እህል መሃል ይሁን፤ ሰው የሚኖረው በእህል ነው» አሉ ጋሼ ከበደ።

«ቅመም የሌለውን እህል የሚበላ ከብት ነው» አሉ እትዬ አስያ።

«ከብት ያሉት ማንን ነው?»

«የከነከነው ያውቃል።»

«ምድጃ ከሌለ እኮ ሁለታችሁም ጥሬ ናችሁ» አለ ሙነወር።

ነገሩ ወደ ግል ጉዳይ፣ ከዚያም ወደ አባት ስም እየሄደ ሳለ አቶ ይገረም ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች» አሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለዋል አበው። እኔ ልጨምርበት፤ ድሩ ግን መሃል እኔ ልሁን፣ መሃል እኔ ልሁን ካለ አንበሳው ሥራ ይሄዳል። መሃል የሚባል ነገር የኪራይ ሰብሳቢነት ምንጭ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ማንም አይኖርም!»

ተጨበጨበ። እያንዳንዱ ያጨበጨበው ለራሱ ማጣት ሳይሆን ለጎረቤቱ ማጣት ነበር፤ ለዚህም ነው ጭብጨባው ከልብ የሆነው።

«መሃሉ ታዲያ ቀዳዳ ሊሆን ነው?» አለች ራዲያ።

«ቀዳዳ አይባልም። ለወደፊት ልማት የተከለለ ቦታ ነው።»

ይህ ሲባል የገባው እንጂ ያልገባው አልነበረም። በየሰፈሩ በቆርቆሮ ታጥሮ ሣር የሚበቅልበት እንዲህ ያለ ቦታ ሁሉም ያውቃል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሙነወር እጁን አወጣ። «ማዕዘን ላይ የተደረገው ምናለሽ ተራ ነው። ጨርቅ ከየት ነው ማርጀት የሚጀምረው? ከማዕዘኑ። ያረጀ ነገር ሁሉ ወደኛ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ቆይ ግን ገና በአዲስነታችን?» ቅሬታው ልማታዊ ሆኖ ተገኘና ማዕዘን ተሰረዘ። የአልጋ ልብሱ ክብ ይሁን፣ ቁራጮቹ ሁሉ ከቀዳዳው ተነሥተው እኩል እስከ ዳር ይድረሱ ተባለ።

«ክብ አልጋ ያለው ማን ነው?» አለች ራዲያ።

«አልጋው በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል» አሉ አቶ ይገረም።

ከዚያ የገበሩ ነገር መጣ። እትዬ አስያ ቁራጫቸውን አንሥተው ገለበጡት። ባቲክ ቀለም ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ ስለሆነ ፊቱም ጀርባውም ያው ነው። በርበሬው በዚህም ቀይ፣ በዚያም ቀይ። እትዬ አስያ ተቆጡ። «ይሄን የመሰለ ጀርባ እያለን ገበር የሚደረግብን ምናችንን ለመሸፈን ነው?» አሉ። መሸፈን የሚለው ቃል ሲነሣ አቶ ይገረም ወንበራቸው ላይ ደነገጡ። ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚል ጽሑፍ ከጀርባቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ገበሩም፣ ከገበሩ ጋር ጥጡም እንዲወጣ ተወሰነ።

«ያለ ጥጥ እኮ አይሞቅም» አለች ራዲያ።

«ሙቀቱ ከሕዝቡ ይመጣል» አሉ አቶ ይገረም።

ዋናው ጨርቅ ወደሚነከርበት ወደ ራዲያ በረንዳ የኮሚቴው አባላት በየተራ ተመላለሱ፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው እንዳያየው ተጠንቅቆ ነው። እትዬ አስያ «ቀይዋን ጠንከር አድርጊያት፣ ከሩቅ እንድትታይ» ብለው በጆሮዋ ነገሯት። ጋሼ ከበደ፣ ለሚስጥር የሚሆን ድምፅ ስላልተፈጠረላቸው፣ ቢጫዬን ሁለቴ ንከሪልኝ ሲሉ አብነት ሙሉ ሰማ። ሙነወር ጥቁሩን ሦስቴ አስነከረ። ራዲያ እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሟት ስለማያውቅ ደስ ብሏት ሁሉንም እሺ አለች። እንደ ሥራው ደንብ ጨርቁ ከተነከረ በኋላ ውሃው እስኪጠራ ድረስ መታጠብ አለበት። እትዬ አስያ ግን ከሳፋው አጠገብ ቆመው አላሳጥብም አሉ።

«ያ በውሃው የሚሄደው የማን ቀለም ነው?»

«የእርስዎ ነው እትዬ።»

«የነከበደ ተደፍቷል?»

«ገና ነው።»

«ገና ነው? እንግዲያው የኔም አይደፋም። እኔ ቀለሜን ደፍቼ እሳቸው ሙሉ ሊቀርቡ?»

ጋሼ ከበደ ይህን ሲሰሙ የእሳቸውንም ከለከሉ፤ የሌሎቹም ተከለከለ። ራዲያ ሼዱን አሰበችና ሳፋዋን ገለበጠች። ደንበኛ ካልከፋው እሷ ምን ጨነቃት? አቶ ይገረም ነገሩ ሲነገራቸው እጅግ ተደሰቱ፤ «የየራስን ቀለም ሳያፈሱ አንድ መሆን» ብለው በንግግራቸው መግቢያ ላይ አዋሉት።

የባዛሩ ቀን ደረሰ። እንግዳው ነጭ ሸሚዝ በጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ከፊት ከኋላቸው ብዙ ሰው አስከትለው መጡ። የጎረቤቱን ወረዳ ዳቦ ባረኩ፣ ቆረሱ፣ አለፉ። ቀጥሎ የአቶ ይገረም ተራ ሆነ። ኮሚቴው ጨርቁን ዙሪያውን ይዞ ቆሟል። እንግዳው አተኩረው አዩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

አቶ ይገረም ስለ ይዘቱ እንጂ ስለ ምንነቱ የተዘጋጀ መልስ አልነበራቸውም። የአልጋ ልብስ ነው እንዳይሉ መሃሉ ክፍት ነው። ብርድ ልብስ ነው እንዳይሉ ጥጥ የለውም። ደረቅ ቆሻሻ በዓይናቸው ላይ ዞረ። እንግዳው ግን በየሄዱበት ካባ ሲደረብላቸው የኖሩ ሰው ናቸው። ክቡን ጨርቅ አዩ፣ ቀዳዳውን አዩ፣ በልማዳቸው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ኮሚቴው ሌላ ምን ያድርግ? አንሥቶ አጠለቀላቸው። ቀዳዳው ጭንቅላታቸውን ለክቶ የተሠራ ይመስል ልክክ አለ።

ያ ሁሉ ተራ የተነፈገው መሃል ባለቤቱን አገኘ። ጭብጨባው ቀለጠ። አቶ ይገረም ክፍለ ከተማውን፣ መጋረጃ ያለውን ቢሮ፣ በር ላይ የምትቀመጠውን ጸሐፊ አንድ በአንድ አዩት። በደስታ እንባ እንባ አላቸው።

እንግዳው ካባቸውን እንደለበሱ ንግግር ጀመሩ። ንግግሩ እንደ ክብራቸው ረጅም ነበር። ስለ ዕድገት ሲናገሩ ደመና መጣ፤ ስለ ትራንስፎርሜሽን ሲናገሩ አካፋ። «ዝናብም ልማት ነው» ብለው ቀጠሉ። መጀመሪያ የእህል በረንዳ ቢጫ ወረደ፣ ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ ምድጃው። ሦስቱም በአንገታቸው በኩል ነጩን ሸሚዝ ይዘው ተንቆረቆሩ። ሁሉም አየ፣ የተናገረ ግን የለም፤ ለበላይ አካል «ቀለም ነክቶዎታል» የሚባልበት ቦታ በመርሃ ግብሩ ላይ አልተያዘም። እንግዳው ፊታቸውን በእጃቸው ጠረጉና ፊታቸውም ተካፈለ። በዚያው እጅ ሁሉንም በየተራ ጨበጡ፤ አንድነቱ ለየመዳፉ ተዳረሰ። እሳቸው ነገሩን ያወቁት መኪናቸው ውስጥ በመስተዋቱ ሲሆን፣ የስልኩ ጥሪ ባዛሩ ሳይዘጋ ወረዳው ደረሰ።

ሰኞ አስቸኳይ ግምገማ ተጠራ። ከክፍለ ከተማ የተላኩት ሰብሳቢ ውይይቱ አሳታፊ እንዲሆን ወንበሮቹ በክብ እንዲደረደሩ አዘዙ። ለሚገመገመው ሰው የሚሆን አንድ ወንበርም ከክቡ ውስጥ ለብቻው እንዲቀመጥ አደረጉ፤ አቶ ይገረም ተቀመጡበት። ከዚያ መነጽራቸውን ወልውለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። የክቡር እንግዳውን አንገት የነካው፣ መሃሉ ላይ የነበረው የትኛው ተራ ነው?

ጋሼ ከበደ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ ተናገሩ። «እህል በረንዳ እንኳ ከጥንትም ዳር ነው። ስሙ ራሱ በረንዳ አይደል?»

«ቅመም ቁንጥር ናት፤ እኛ ጥግ ነበርን» አሉ እትዬ አስያ።

«ምናለሽ ተራ መሃል ሆኖ ያውቃል?» አለ ሙነወር። «በአላህ! አገር ይጠየቅ!»

ሌሎቹም ከእነሱ በፊት የተናገሩትን ደገፉ። ራዲያ ተነሥታ «ቁረጪ ተባልኩ ቆረጥኩ፤ ስፊ ተባልኩ ሰፋሁ፤ አትጠቢ ተባልኩ ተውኩ» አለችና ስለ ሼዱ ልትቀጥል ስትል ጉዳዩ እየታየ ነው ተብላ ተቀመጠች።

አቶ ይገረም እያንዳንዱን ፊት በየተራ አዩ። በመሃል ጉዳይ አባት ለአባት የተሰዳደቡት እነዚህ ሰዎች ዛሬ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ገፋ ገፋ እያደረጉ ነው። ክቡ ሰፋ፤ እሳቸው ብቻቸውን ቀሩ። 

«ታዲያ መሃል የነበረው ማን ነው?» አሉ ሰብሳቢው፣ ዓይናቸውን ከአቶ ይገረም ሳይነቅሉ። «እጅ እያወጣችሁ።»

ቀለሙ ገና ያልለቀቀው መዳፍ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። መርካቶ ያን ያህል የተጣላበት የመሃል ቦታ፣ ያለ አንድ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተአቅቦ፣ ለአቶ ይገረም ተሰጠ።