ክቡር መርማሪ እና የተራራው ሰዓት

በየቤተሰቡ አንድ የማያምን ሰው አለ። የሃይማኖቱን አይደለም የምላችሁ፣ የዕቃውን ነው። ድስት ሲገዛ ቂጡን ያንኳኳል፣ ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል፣ ከዚያ የሻጩን ዓይን ዓይን ያያል። ጃንጥላ ሊገዛ ሄዶ ዝናብ እስኪመጣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ይቆማል። የእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለበትም ካላችሁ፣ አትቀየሙኝና፣ ሰውየው እናንተ ራሳችሁ ናችሁ።

በእኛ ቤት ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እሷ «ጋሼ» ትላቸዋለች። እኔ ፊት ለፊት ጋሼ፣ ዞር ሲሉ ደግሞ ክቡር መርማሪ እላቸዋለሁ። ማዕረጉን ከሜዳ አላነሳሁትም። ሥራቸው በየገበያው እየዞሩ የነጋዴ ሚዛን መፈተሽ ነው። የሚዛን ድንጋዮቻቸውን በእንጨት ሳጥን ይዘው ብቅ ሲሉ ሥጋ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ እህል ቤቱን ሳል ይይዘዋል። ዕድሜ ልካቸውን የሚያጭበረብር መሣሪያ ሲይዙ ስለኖሩ፣ ቁጥር የሚያሳይ ነገር ሁሉ በእሳቸው ዘንድ ተከሳሽ ነው። ልጃችንን ትኩሳት የያዛት ጊዜ ቴርሞሜትሩን መጀመሪያ በራሳቸው ብብት፣ ቀጥሎ በእኔ ብብት ሞከሩት፤ ወደ ልጅቷ ያለፈው ከዚያ በኋላ ነው። «ልክ ነው እኮ ጋሼ» ብላቸው ያችኑ የዘወትር ጥያቄያቸውን ወረወሩልኝ፤ «ማን መሰከረለት?»

እንዲህ ያሉ ሰው የስፖርት ሰዓት ምርጫ ውስጥ ባይገቡ ለሁላችንም ይበጅ ነበር። ግን ገቡ።

ባለቤቴ ትሮጣለች። አስፋልት ላይ ቢሆን ማንም ባልተጨነቀ፤ እሷ የምትሮጠው ከከተማው ጀርባ ባለው ተራራ፣ ሥርና ድንጋይ እየዘለለች ነው። ባለፈው የዝናብ ወራት እዚያ ላይ ጉም ወረደባት። ተራራው ወገብ ላይ መንታ መንገድ አለ። የቀኙ ቀጭን ነው፣ ወደ ከተማ ያወርዳል። የግራው ሰፊና ለእግር የሚመች ነው፤ ሰውን አባብሎ አባብሎ ገደል አፋፍ ላይ ያደርሰዋል። እሷ የግራውን ያዘች። እዚያ አካባቢ ስልክ አይሠራም። ቤት የገባችው መሽቶ፣ ጉልበቷ ተልጦ፣ ከንፈሯ ደርቆ ነው። ክቡር መርማሪ የዚያን ቀን አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። ግድግዳውን ተደግፈው ብቻ ቆሙ።

ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ ሩጫው ይቅር አለ። እሷ ደግሞ ለብቻዋ አይቀርም አለች።

«ዘንድሮ ተራራውን የሚያቋርጠው ውድድር ላይ እሮጣለሁ» አለች። «ከመስመር ስወጣ የሚነግረኝ፣ የመጣሁበትን መንገድ መልሶ የሚያሳየኝ ሰዓት ግዙልኝ። ካልገዛችሁልኝ ያለ ሰዓት እሮጣለሁ።»

ይህቺ ሴት ያለችውን እንደምታደርግ ከእኔ በላይ ወንድሟ ያውቃሉ። ስለዚህ «እኔ ሳላጣራው አንድም ሰዓት የእህቴ እጅ ላይ አይታሰርም» ብለው አወጁ። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ እየቀረበ፣ ሰዓቱ ግን እየራቀን ሄደ።

መጀመሪያ ችሎት የቀረበው የስፖርት ዕቃ ሱቁ ነው። ሻጩ እጁን አጣምሮ በትህትና ተቀበለን። ምን እንደመጣበት አላወቀም።

«ይሄ ሰዓት ያለሁበትን ቦታ በምን ያውቃል?» አሉት።

«ከሳተላይት ተቀብሎ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሳተላይቱን ማነው የሚፈትሸው?»

ሻጩ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

«እሺ፣ ባትሪው ምን ያህል ይቆያል?»

«እንደ አጠቃቀምዎ ነው።»

«ሥጋ ሻጭ ኪሎህ ስንት ግራም ነው ስለው ‹እንደ አጠቃቀምዎ ነው› ቢለኝ፣ ሱቁን አሽጌ ነው የምወጣው!»

ሻጩ ወሬ ሊያስቀይር ፈልጎ ሰዓቱ የልብ ትርታም እንደሚቆጥር ነገራቸው። ምነው አፉን በያዘው! ክቡር መርማሪ ለእራት ከገዙት ዳቦ አንዱን ከፌስታል አወጡና ሰዓቱን አሰሩበት። ከሥሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፤ ሰዓቱ ትንሽ አሰበና ቁጥር አወጣ። ዳቦው ልቡ ይመታል። ያውም ከእኔ ልብ በተሻለ እርጋታ።

«ጌታዬ፣ ዳቦ ላይ እንዲታሰር አልተሠራም እኮ» አለ ሻጩ፣ ድምፁ እየሟሸሸ።

«አውቃለሁ። ግን ‹አላውቅም› ማለት ነበረበት። የማያውቀውን አላውቅም የማይል መሣሪያ፣ ጉም ውስጥ እህቴን ምን ሊላት ነው?»

ሳቄ እዚያው ደረቀ። በሰውየው ከመሳቄ በፊት ትክክል መሆናቸውን ማጣራት እንዳለብኝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ሱቁ ካባረረን (በትህትና ነው ያባረረን፣ ግን አባረረን) በኋላ ምርመራው ወደ እኛ ሳሎን ተዛወረ። የባለቤቴ የሩጫ ጓደኞች ሰዓቶቻቸውን አዋሱን። ክቡር መርማሪ ባልዲ ውሃ አስቀርበው እህታቸውን እጇን እያስነከሩ እያንዳንዱን አስነኳት። መስታወታቸው ሲነካ ብቻ የሚታዘዙት እርጥብ ጣት ሲያርፍባቸው ደነገጡ፤ አንዱ እንዲያውም የሳሎናችንን ሙዚቃ ማጫወቻ ሊያዝዝ ሞከረ። «ዝናብ ላይ ጌታውን የማያውቅ ውሻ» ብለው ወደ ጎን አደረጓቸው። ቁልፍ ያላቸው ብቻ ቀሩ። ቀጥሎ የከፍታ ፈተና መጣ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ከሰዓት በኋላውን ሲያሳልፉ፣ ደጅ ደመናው ተለዋውጦ ኖሮ አንዱ ሰዓት ሽቅብ ወጥተዋል አላቸው። የአየር ግፊት ስለሚለካ ነው ብለን ብናስረዳ ማን ሰምቶን። «ሳልነሳ ወጣሁ ይለኛል! ዝናብ በመጣ ቁጥር ተራራው ያድጋል ማለት ነው?»

«ጋሼ፣ መንታ መንገዱ ላይ አዘጋጆቹ ምልክት ያስራሉ እኮ። ይሄን ያህል አትጨነቅ» አለች ባለቤቴ።

«ምልክቱ ምንድነው?»

«ቀይ ጨርቅ።»

«ጨርቅ!» አሉ። ከዚያ በላይ ማብራራት አላስፈለጋቸውም።

የመጨረሻው ፈተና ሰፈራችን ያለው የኳስ ሜዳ ላይ ሆነ። ክቡር መርማሪ የቀሩትን ሰዓቶች በሁለቱም ክንዳቸው እስከ ክርን ደርድረው ሜዳውን መዞር ጀመሩ። አንድ ዙር ሳይጨርሱ ጥበቃው አስቆማቸው።

«አባት፣ ይሄ ሁሉ ሰዓት የማነው?»

እኔ ተሸማቀቅሁ። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። «ጎበዝ!» አሉት። «እንዲህ ነው መጠየቅ! አሁን ደግሞ አንተ ጥበቃ መሆንህን አሳየኝ።» እርስ በርስ መታወቂያ ሲመረማመሩ ቆዩና የልብ ወዳጆች ሆነው ተለያዩ።

ሜዳውን ዞረው ሲያበቁ መንገድ ሠሪዎች እየገፉ ርቀት የሚለኩበትን ባለ ጎማ መለኪያ አመጡ፤ ከአንድ ወዳጃቸው ተውሰውት ነው። ያንኑ መስመር በመለኪያው ደገሙት። ውጤቱ አሰቃቂ ነበር። ሰዓቶቹ በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ አስረዝመዋል። ደግሞ ያስረዘሙት በአንድ ልክ ነው።

«ስለዚህ ሰዓቶቹ ትክክል ናቸው ማለት ነው፤ እርስ በርስ ይስማማሉ» አልኩ።

በአዘኔታ አዩኝ። «አንድ ረድፍ ላይ ያሉ ነጋዴዎች ሚዛናቸው በአንድ ልክ ሲዋሽ ምን ይባላል? ተስማሙ አይባልም፣ ተመሳጠሩ ነው የሚባለው። ሁሉም ወድቀዋል!»

ለውድድሩ የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። ባለቤቴ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ሩጫ ሲከለክሏት እንኳ እንዲህ አልሆነችም። ልትጮህ ስትል ዓይኗ መለኪያው ላይ አረፈ፤ ጎንበስ አለችና ጎማውን በጣቷ ነካችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

ጎማው ዙሪያውን የደረቀ ጭቃ ተጋግሮበታል። ከነጭቃው ስለወፈረ በአንድ ዙር ከሚገባው በላይ ይሄዳል፤ የሚቆጥረው ግን እንደ ቀጭኑ ነው። በቤት ቁልፍ ፍቃ ፍቃ አጸዳችውና መልሰን ለካን። መለኪያው ሄዶ ሄዶ ከሰዓቶቹ ጋር ገጠመ።

ክቡር መርማሪ ሳሩ ላይ ቁጭ አሉ። «ክንድ ሙሉ ሰዓት በሐሰት የወነጀልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው» አሉ። «የራሴን ድንጋዮች በየጊዜው አስፈትሻለሁ። ይሄን ግን ስይዘው ዝቅ ብዬ አላየሁትም።» ደግሞም ቀስ ብለው፣ «እኔም እሳሳታለሁ እኮ» አሉ። ሲናገሩት የፈሩ ይመስላሉ።

በማግስቱ ቁልፍ ያለውን፣ ቀላሉን፣ መንገድ የሚያሳየውን ሰዓት ራሳቸው ገዝተው አመጡ። ያለ ክርክር። ያለ ዳቦ። እህታቸው እየዘለለች ሳመቻቸው።

እኔ ግን ውስጤ አልተቀበለውም። ክቡር መርማሪ እጅ ሰጡ? እሳቸው? ከዚያ ደግሞ በየእረፍት ቀናቸው ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው መጥፋት ጀመሩ። አንድ ቀን ሊጠይቁን ሲመጡ ሱሪያቸው ላይ ጭጎጎት ተጣብቆ አየሁ።

«ጋሼ፣ ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከገበያ።»

«ገበያ ውስጥ ጭጎጎት አለ እንዴ?»

«አንተ ደግሞ ጥያቄ ታበዛለህ» ብለው ገላመጡኝ። ይህን የሚሉኝ እሳቸው! ጥርጣሬዬ ከዚያ ወዲያ መያዣ አጣ። አዘጋጆቹ ዘንድ ሄደው ስሟን ሊያሰርዙ ነው አልኩ። ሰዓቱንም አበላሽተውት ይሆናል ብዬ እሷ ስትተኛ አገላብጬ አየሁት። ለባለቤቴ ብነግራት «አንተም ጀመርክ?» ብላ ሳቀችብኝ።

የውድድሩ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መነሻው ላይ ሦስታችንም ነበርን። ክቡር መርማሪ የእህታቸውን የሰዓት ማሰሪያ ጠበቅ አደረጉና፣ ጃንጥላቸውን ይዘው «ውሃ ገዝቼ መጣሁ» ብለው ሄዱ። አልተመለሱም። ስትሮጥ ማየት ፈርተው ነው ብዬ ተውኳቸው።

ሯጮቹ ተራራው ወገብ ላይ ሳይደርሱ ጉሙ ወረደ። እንደ ብርድ ልብስ ተጎትቶ ሁሉንም ነገር ሸፈነው። መድረሻው ላይ ቆሜ ከጉሙ የሚወጣውን ሰው ሁሉ እሷ ናት እያልኩ አንገቴን ሳሰግግ ቆየሁ። በመጨረሻ መጣች። አንደኛም አልወጣችም፣ መጨረሻም አልሆነችም። እጇን ከነሰዓቱ ከፍ አድርጋ፣ እየሳቀች፣ ጭቃ በጭቃ ሆና መጣች።

«ምልክቱን ነፋስ ወስዶታል!» አለችኝ እያለከለከች። «መንታ መንገዱ ላይ ምንም አይታይም። ከግራ በኩል ስሜን የሚጠራ ሰው የሰማሁ መስሎኝ ልታጠፍ ነበር፤ ሰዓቱ ግን በቀኝ አለኝ። ጉም ጆሮም ያሳስታል ብዬ እሱን አመንኩት።» ከዚያ ዙሪያዋን አየች። «ጋሼስ?»

«ውሃ ልግዛ ብለው እንደሄዱ አልተመለሱም» አልኳት። እርስ በርስ ተያየን። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ።

የሩጫ ጫማዋን እንኳ ሳትፈታ ተመልሰን ወጣን። እሷ ሰዓቱን እያየች ከፊት፣ እኔ ትንፋሽ እያጠረኝ ከኋላ። መንታ መንገዱ ላይ ስንደርስ ስሟ ወደተጠራበት ወደ ግራው ታጠፍን። ብዙም ሳንሄድ ድምፅ ሰማን፤ ከጩኸት ብዛት የተሰነጠቀ ድምፅ ነው። «በዚህ አይደለም! ተመለሽ! በዚህ አይደለም!» ይላል።

ክቡር መርማሪ መንገዱ ገደሉ አፋፍ ከመድረሱ በፊት መሐሉ ላይ ቆመዋል፤ የተዘጋ ጃንጥላቸውን እንደ በር መዝጊያ አጋድመው ይዘውታል። ኮታቸው ውሃ ይተፋል። በየእረፍት ቀናቸው የወጡት ይህን መንገድና አቋራጩን ለማጥናት፣ የሚቆሙበትን ቦታ ለመምረጥ ኖሯል። ሲያዩን ጃንጥላውን ዝቅ አደረጉ።

«ምን ሆንሽ? ለምን በዚህ መጣሽ?» አሏት ደንግጠው።

«ጨርሼ ነው የመጣሁት ጋሼ! ሰዓቱ በትክክል አወረደኝ። አንተን ልፈልግ ነው የተመለስኩት።» ማልቀስ ጀመረች። «እስካሁን ለምን አልወረድክም?»

«እንዴት ልውረድ?» አሉ። «ብትመጪ ሰዓቱ ውሸታም ነው። ባትመጪ ደግሞ ደርሰሽ ይሁን ወድቀሽ በምን አውቃለሁ? ለየትኛው እንደምጸልይ ግራ ገብቶኝ ነው የቆምኩት።»

ያን ሁሉ ጊዜ ሰውየውን ስጠረጥር የነበርኩት እኔ፣ እዚያ ጉም ውስጥ በባለቤቴ ቀናሁ። ለእኔ ሲል ዓለምን እንዲህ አድርጎ የተጠራጠረልኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ወደድኳቸው። ይህን ፊት ለፊት ብነግራቸው ማስረጃ ስለሚጠይቁኝ ዝም አልኩ።

እግራቸው ከመቆም ብዛት ደርቆ ነበርና እሷ መንገዱን እየመራች፣ እኔ እጃቸውን ይዤ ቀስ ብለን ወረድን። ጉሙ ፊታቸውን ሸፍኖብኛል። እጃቸው እጄ ውስጥ እንዳለ እያወቅሁ፣ ሁለት ሦስቴ ዞር ብዬ መኖራቸውን አረጋገጥኩ።