ክብርት የስኳር ሐኪም እትዬ ውድነሽ

ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ስኳር የያዘው ሐበሻ ሐኪም አጥቶ አያውቅም። ኢንሹራንስ ሊያጣ ይችላል፤ ሐኪም ግን ደረጃ ወጥቶ በሩ ድረስ ይመጣለታል። ነጭ ጋውን አይለብስም፣ ቀጠሮ አያስይዝም፣ "ምን ይሰማሃል?" እያለም ጊዜ አያባክንም። የሚሰማህን ካንተ በላይ ያውቀዋል።

ለእንዳልክ የደረሱት እትዬ ውድነሽ ነበሩ። እሱ ኮሜርስ ሲቲ ባለ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያንን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ የሚነዳ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለው አፓርትመንት ከእሱ በታች የሚኖሩ ጡረተኛ። 2006 ላይ ስኳር አለብህ ተብሎ ኪኒን ይዞ ሲመለስ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ አገኙትና የፋርማሲውን ከረጢት አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታካሚያቸው ሆነ። ፈቃዱን የጠየቀው የለም።

መጀመሪያ የመጣው የተዘፈዘፈ አብሽ ነው። ቀጥሎ ቀረፋ፣ ከዚያ ሽፈራው፣ ከዚያ የሳማ ቅጠል። ሁሉም ከነማስረጃው ነው የሚመጣው፤ ኮሌጅ የምትማረው ልጃቸው ሊዲ ከኢንተርኔት ፕሪንት ታደርግላቸዋለች። "ሳይንስ ደርሶበታል" ይላሉ እትዬ ውድነሽ፣ ሳይንስ አብሯቸው ያደገ የሰፈር ልጅ ይመስል። ሙከራው አይጥ ላይ ብቻ እንደሆነ እንዳልክ አንብቦ ቢነግራቸው፣ አይጡ መዳኑን እንጂ አይጥ መሆኑን አልሰሙትም።

የሙያቸው ጣሪያ ግን ሃቫና ስትሪት ካለ የእስያ ሱቅ ያገኙት መራራ ኪያር ነበር፤ ቆዳውን ኪንታሮት የወረረው አረንጓዴ ነገር። ቻራንቲን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳለው አስረዱት፤ ቃሉን ሲጠሩ እንደ መልአክ ስም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከዚያ ጨምቀው በብርጭቆ እየሞሉ ጠዋት ጠዋት በሩን ያንኳኩ ጀመር። እንዳልክ አንዴ ቀመሰው። ምላሱ እስከ ምሳ ሰዓት አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ሲንክ ውስጥ እየደፋ፣ ብርጭቆውን አጥቦ ከምስጋና ጋር ይመልስላቸው ነበር። በዚያ ሰሞን በመላው ኮሎራዶ ስኳሩ የተስተካከለ የፍሳሽ ቱቦ ቢኖር የእሱ ነበር።

የራሱ ስኳር በኪኒኑና ዶክተሯ ባዘዘችው የእግር ጉዞ ወረደ። ምስጋናውን እትዬ ውድነሽ ወሰዱ። ከቅዳሴ በኋላ ትከሻውን ይዘው ለሰው ያሳዩታል፤ እሱ አንገቱን ይደፋል፤ ሰዉ ትሕትና ይለዋል።

አንድ ጠዋት በሩ ሳይንኳኳ ቀረ። እንዳልክ መጀመሪያ እፎይ አለ፣ ቀጥሎ ግን ቅር አለው። ወርዶ ሲያንኳኳ ሊዲ አምቡላንስ እየጠራች ስልክ በጆሮዋ ይዛ ከፈተችለት። እናቷ ሲያስመልሳቸው ቆይቶ ኩሽና ውስጥ ወድቀዋል። አምቡላንሱን ተከትሎ ኢመርጀንሲ ደረሰ።

ስኳራቸው ከልክ በላይ ወርዶ ነበርና ጉሉኮስ ተሰጥቷቸው ነቃ ሲሉ፣ ነርሷ ለስኳርዎ ምን ይወስዳሉ ብላ ጠየቀቻቸው። ስኳር የለብኝም አሉ።

"ታዲያ ያንን መራራ ለምን ጠጡት?" አላቸው እንዳልክ።

"ሳልቀምስ ለሰው ልጅ ልስጥ? ላንተ የማመጣውን ሁሉ ማታውን እኔ እጠጣዋለሁ። በደኅና ከተነሳሁ አመጣልሃለሁ።" ትንሽ አሰቡና "ትናንት ግን መራራውን ከአብሹና ከሽፈራው ጋር ቀላቅዬው ነበር" አሉ።

እንዳልክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዓይናቸውን ማየት ከበደው።

"እትዬ፣ እኔ አልጠጣሁትም። ሲንክ ውስጥ ነው የደፋሁት። ሁሉንም።"

እንዳልክ ቁጣቸውን ጠበቀ። እሳቸው ግን መርፌ ያልተሰካበትን እጃቸውን ዘርግተው እጁን ያዙት።

"እንኳን ደፋኸው ልጄ" አሉት። "ፎርክሊፍት ላይ ሆነህ ብትወድቅስ?"

ነርሷ የደም ግፊታቸውን ልትለካ ተመለሰች። እትዬ ውድነሽ ፊቷን አጥንተው ራስ ምታት ያማት እንደሆነ ጠየቋት። አዎ፣ ግፊት አለብኝ አለች የዋሂቱ። የእትዬ ውድነሽ ዓይን በራ፤ ትራሱን ደገፍ ብለው ቀና አሉ። እንዳልክ ሊያስቆማቸው ይገባ ነበር። ግን ጉንጫቸው ላይ ደም ሲመለስ አይቶ፣ ለነርሷ እያዘነላት ተዋቸው።