ደሟ በዛ ብለን የፈነደቅን ለት

አማርኛችን ደምን እንደ እህል ይሰፍራል። ጎደለ ሲል ደም ማነስ፣ ግፊቱ ሲያይል ደግሞ ደም ብዛት። እናንተም እንደ እኔ ሁለቱን የአንድ ቁና ጎዶሎና ሙሉ አድርጋችሁ ይዛችሁት ከሆነ ጠጋ በሉ፣ የምነግራችሁ አለኝ።

ልጄ ሰላም የስምንት ወር እርጉዝ ሳለች ደም ማነስ አለባት ተብሎ ኪኒን ታዘዘላት። ጅጅጋ ገበያ ያለው ምስርና ቀይ ስር ሁሉ ወደ እኛ ቤት ተጋዘ። አንድ ጠዋት ከጤና ጣቢያ ክትትል ስትመለስ ፊቷ አባብጦ፣ ራሷን ይዛ፣ «ደም ብዛት አለሽ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ አሉኝ» አለች። እኔና እናቷ ተያየንና፣ ምን አለፋችሁ፣ ፈነደቅን። ያነሰው ደም ሞልቶ ተረፈ! ሆስፒታሉም ኪኒኑን ለማስቆም መሰለኝና ከምሳ በኋላ ይደረሳል አልኩ።

ጎረቤታችን ሆዳን ሳቃችንን ሰምታ ከሱቋ መጣች። ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ ይላታል፣ አክስቴ እንደማለት ነው። የምሥራቹን ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ወርያ፣ አንተ ሰው፣ ደም ብዛትን እኛ ምን እንደምንለው ታውቃለህ? ዲግ ከር። ደም ፈላ ማለት ነው። የልጅህ ደም እየፈላ አንተ ምሳ ትጠብቃለህ?»

ሕመሙ ያው ነው። ስሙ ሲቀየር ግን ምሳውን ትቼ ተነሳሁ። ሰላምን ደግፈን ባጃጅ ውስጥ አስገባናት።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ የግፊቱን ልኬት አየችና ወዲያው አስተኛቻት። ቆይታ እኔን አስረዳችኝ። ነገሩ የደሙ መጠን ሳይሆን ልብ ደሙን ስትረጭ የደም ሥሩን የሚገፋው ኃይል ነው። በሕፃን ዝቅ ይላል፣ ከዕድሜ ጋር ከፍ ይላል፣ ስናረጅ ሥሩ ስለሚደድር ይብስበታል፤ ቢሆንም የእርጅና ነው ተብሎ አይተውም። የእርጉዝ ግፊት መቶ አርባ በዘጠና ከደረሰ ለእናትም ለልጅም ያሰጋል። ደም ያነሳት ሴትም፣ ደሟ ሳይሞላ፣ ግፊቷ ሊጨምር ይችላል። ይህ ሁሉ ዕድሜ ልኬን ደረቴ ውስጥ ሲካሄድ አለማወቄ በጣም ገረመኝ። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም።

በማግስቱ ሴት ልጅ ተወለደች። ሁለቱም ተረፉ። ሕፃኗን አቀፍኳት። አናቷ ላይ እርግብግቢቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ያቺ ሚጢጢ ልብ ማንም ሳያዛት ትገፋለች። እንባዬ መጣ።

«ምንድን ነው የምታየው?» አለች ኤዶ ሆዳን።

ልመልስላት አፌን ከፈትኩና ስለ ደም የተናገርኩት ሁሉ ትዝ አለኝ። የኤዶን ጣት ይዤ ቀስ አድርጌ እርግብግቢቷ ላይ አሳረፍኩላት።