ከአየር የዳኑት የአየር መለኪያዎች

የአየር ሁኔታ መለኪያዎችን ከአየር ሁኔታ የታደጉትን የጣቢያ ኃላፊ ሳያመሰግን የሚያልፍ ትውልድ ቢኖር ታሪክ ይታዘበዋል።

ጣቢያውን በተረከቡ ሰሞን ቴርሞሜትሩ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የነፋስ መለኪያውም ሲንገላታ አይተው ሆዳቸው ባባ። "የሕዝብ ንብረት እንዲህ ይጣላል?" አሉ። ዙሪያው በብሎኬት ታጠረ፣ ላዩ ወፍራም ጣሪያ ለበሰ። አቧራ እንዳይነካቸውም ወለሉ ጠዋት ማታ ውሃ ይረጭበት ጀመር። የበላይ አለቆች መጥተው ሪባን ቆረጡ።

ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ቆመ፣ ሙቀቱ በረደ፣ አየሩም ረጠበ፤ በሰንጠረዥ ላይ ማለት ነው። ከአፈርና ከተክል ይተናል ተብሎ የሚሰላው ውሃ በግማሽ ወረደ። ለማሳዎቹ ከቦይ የሚለቀቀው ውሃ የሚመጠነው በዚሁ ስሌት ነውና እሱም በግማሽ ተቀነሰ። ኃላፊው "ብክነትን የገታ አመራር" ተብለው ተጨበጨበላቸው።

የስሌት ባለሙያዋ ቢሯቸው ገብታ፣ "ጌታዬ፣ ግንቡ እኮ ነፋሱን ከለከለው" አለቻቸው።

"ታዲያ ለምን የተሠራ መሰለሽ?"

አንድ ቀን ታላቅ ወንድማቸው የጠወለገ ሽንኩርት ይዘው መጡ። ኃላፊውን ለዚህ ወንበር ያበቋቸው እኚህ ሰው ናቸው፤ ያስተማሯቸው ከሽንኩርት ማሳቸው በሚያገኙት ነው።

"አንተ፣ ማሳዬ ተቃጠለ። ውሃ ልቀቁልኝ።"

ኃላፊው ሰንጠረዡን ገለጥ አደረጉ።

"ጋሼ፣ በእኛ መረጃ ማሳዎ ውሃ ጠግቧል።"

"እኔ የመጣሁት ከማሳው ነው።"

"ችግሩም እሱ ነው። እርስዎ የሚያዩት ፀሐይና ነፋስ የነካውን ነው።"

"ግንቡን አፍርሰህ እስቲ አንዴ ለካ።"

"ጋሼ፣ ተመርቋል እኮ።"

ወንድምየው ሽንኩርቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

ውሎ አድሮ አቤቱታ በዛና አጣሪ ቡድን የራሱን መሣሪያ ይዞ መጣ። ኃላፊው እንቅልፍ አጡ። ቡድኑ ማሳ ለማሳ ዞሮ ለካ። የሚተን ውሃ የለም ማለት ይቻላል፤ አፈሩ ደርቋል፣ የሚያልበው አረንጓዴ ቅጠልም አልተረፈም። ስለዚህ የጣቢያው ግምት እንኳን ሊያንስ፣ ለጋስ ሆኖ ተገኘ።

ለዚህ ግምታቸው ሽልማት በተሰጣቸው ዕለት ኃላፊው ወንድማቸውን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ዘንድሮ የሚሰበስቡት ሽንኩርት ስለሌለ፣ ጊዜ ነበራቸው።